ከመቶ ስንቱ ተጣራ? የአገሮችን የፍሳሽ ማጣራት ውጤት ለመለካትና ለማወዳደር ዝርዝር መመሪያ

የህንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በ2021 ባወጣው ሪፖርት የአገሪቱ ከተሞች በቀን 72,368 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ እንደሚያመነጩ ገልጿል። በዚያው ሰነድ ላይ የተገነቡት የማጣሪያ ጣቢያዎች አቅም 31,841 ሚሊዮን ሊትር ነው። ከእነዚህ ሥራ የጀመሩት አቅም 26,869፣ በእርግጥ ተጣርቶ የሚወጣው 20,236፣ የተቀመጠውን ደንብ ያሟሉት ጣቢያዎች አቅም ደግሞ 12,197 ነው። እንግዲህ “ህንድ ከከተማ ፍሳሿ ከመቶ ስንቱን ታጣራለች?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው 44፣ 37፣ 28 ወይም 17 ብሎ መመለስ ይቻላል። አራቱም ከአንድ ሰነድ የወጡ ናቸው፤ የአራቱም ስሌት ትክክል ነው።

አንድ ጋዜጠኛ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ለአንዱ አገር የአቅሙን ቁጥር፣ ለሌላው ደንብ ያሟላውን ቁጥር አንሥቶ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ሠንጠረዡ ያማረ ይመስላል፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ይህ ስሕተት ያንገበግበኛል፤ እንዲህ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ ይመደባልና፣ ወንዝም ይዘነጋልና። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው አካሄድ በመቶኛ አይጀምርም። የሚጀምረው “ከአንድ ሰው በቀን ስንት ግራም ብክለት ወንዝ ደረሰ?” ከሚለው ጥያቄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

“የትኛው አገር ይበልጣል?” የሚለው ጥያቄ በራሱ መልስ የለውም። ወንዙ ኦክስጅን አጥቶ ዓሣው እንዳያልቅ ከፈለጉ የሚለኩት በቀላሉ የሚበሰብሰውን ቁስ ነው። ሐይቁ በእንቦጭና በአልጌ እንዳይወረር ከሆነ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ይለካሉ። በወንዙ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬና አትክልቱን ገዝቶ የሚበላው ሰው እንዳይታመሙ ከሆነ ደግሞ ኢ. ኮላይ የተባለውን፣ ሰገራ መቀላቀሉን የሚያሳየውን ባክቴሪያና የአንጀት ትላትል እንቁላሎችን መቁጠር ግድ ነው።

ጥያቄው ሲለወጥ ደረጃውም ይገለበጣል። በከፍተኛ ኤሌክትሪክ አየር እየነፋ የሚሠራ ዘመናዊ ጣቢያ የሚበሰብሰውን ቁስ ከ90 በመቶ በላይ ያስወግድና፣ በመጨረሻ የጀርም ማጥፊያ ክፍል ከሌለው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችን ወደ ወንዝ ይለቃል። ፍሳሹን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ የሚያቆዩ ተከታታይ ኩሬዎች ግን በቁሱ በኩል ደከም ቢሉም በጀርሙ በኩል ይበልጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎን አይለውጡ።

2. ፍሳሹ የሚሄድበትን መንገድ ይሣሉ

ለእያንዳንዱ አገር በአንድ ወረቀት ላይ ከሽንት ቤቱ እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ ይሣሉ። ከሽንት ቤቱ ሁለት መንገድ ይወጣል፦ አንዱ ወደ ፍሳሽ መስመር፣ ሌላው ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ። መስመሩ ተሰብሮ ወይም ተዘግቶ በመንገድ ላይ የሚፈሰው አለ። ጣቢያ ደርሶ አቅም ሞላ ተብሎ ሳይጣራ የሚያልፍ አለ። ከጉድጓድ በኩል ደግሞ እዚያው መሬት ውስጥ የሚቀር፣ በቦቴ ተመጥጦ ወደ ማድረቂያ የሚወሰድ፣ በሌሊት ወደ ጅረት የሚደፋም አለ።

አዲስ አበባን እንውሰድ። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። ፍሳሹ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከታች ወደ ላይ እንዲያልፍ ይደረግና ቀጥሎ ባክቴሪያ በተጣበቀበት ንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም፤ በጉድጓድና በቦቴ ነው የሚገለገለው። የጣቢያውን ውጤት ብቻ ይዞ “አዲስ አበባ” ብሎ የሚጽፍ ሰው የሣለው የሥዕሉን አንድ ጥግ ነው።

ግልባጩም እውነት ነው። መስመር ላይ የሌለ ሁሉ አይበክልም። ጃፓን ውስጥ መስመር ባልደረሰባቸው ቤቶች ግቢ ጆካሶ የሚባል ትንሽ ማጣሪያ ይቀበራል፤ በአግባቡ ከተያዘ የሚያወጣው ውኃ ከትልልቅ ጣቢያዎች ውኃ ጋር ይስተካከላል። “ከመስመር ጋር የተገናኘ ሕዝብ” የሚለው መለኪያ ይህን አያይም።

3. ታህቱን ያረጋግጡ

በክፍልፋይ ሒሳብ ሁላችንም ላዕልና ታህት ተምረናል። አብዛኛው ስሕተት ያለው ታህቱ ላይ ነው። ብራዚል በ2021 መረጃዋ ከተሰበሰበው ፍሳሽ 80.8 በመቶው፣ ከተመነጨው ፍሳሽ ግን 51.2 በመቶው እንደሚጣራ አስታውቃለች። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ጨርሶ መስመር ውስጥ ያልገባው ፍሳሽ ነው። አንድ መንግሥት ለራሱ የሚጥመውን መምረጡ አያስደንቅም፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ የተመነጨውን ታህት ያድርጉ።

ዓለም አቀፉም ቁጥር እንዲሁ ነው። ለረጅም ዘመን “ከዓለም ፍሳሽ 80 በመቶው ሳይጣራ ይለቀቃል” ሲባል ኖሯል። በ2021 የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓለም በዓመት 359 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንደምታመነጭ፣ ከዚያም 63 በመቶው እንደሚሰበሰብና 52 በመቶው እንደሚጣራ ገመቱ። የተባበሩት መንግሥታት በበኩሉ ከቤት ከሚወጣው ፍሳሽ በ2020 56 በመቶው፣ በ2022 58 በመቶው ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ ተጣርቷል ይላል። እነዚህ እርስ በርስ የሚጋጩ ሊመስሉ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ግን የፋብሪካውን ፍሳሽ ይጨምራሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር የቤቱን ብቻ ይዞ ሴፕቲክ ታንኮችንም ይቆጥራል። ታህታቸው የተለያየ ነውና አንዱን ለሌላው ማስተባበያ አያድርጉ።

4. “ተጣራ” የሚለውን ቃል ይመርምሩ

የመጀመሪያ ደረጃ ማጣራት ማለት ፍሳሹ በገንዳ ውስጥ ረግቶ ዝቃጩ ከታች እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ትርጓሜ የሚበሰብሰውን ቁስ ቢያንስ 20 በመቶ፣ ያልሟሟውን ጠጣር ቢያንስ 50 በመቶ ከቀነሰ የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል። ሁለተኛው ደረጃ ባክቴሪያ እንዲበላው የሚደረግበት ነው። ሦስተኛው ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስን ወይም ጀርምን የሚያስወግደው ነው።

የዬል ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የአካባቢ አፈጻጸም መለኪያ “ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ” ያለፈውን ሁሉ ተጣራ ብሎ ሲቆጥር ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች 6.3.1 መለኪያ ግን የመልቀቂያ ደንቡን ማሟላቱን ይጠይቃል፤ የልኬት መረጃ ከሌለ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነውን ይቀበላል። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዩሮስታትም አዘውትሮ የሚያወጣው ቢያንስ ከሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ ጋር የተገናኘውን ሕዝብ ነው። ሦስቱን ምንጮች በአንድ ዓምድ መደባለቅ ክልክል ነው።

5. ጣቢያው ላይ ይለኩ

በእጅዎ ያለው የሌላ ሰው ቁጥር ብቻ ቢሆንም እንዴት እንደተለካ ካላወቁ መመዘን አይችሉም።

መጀመሪያ ፍሰቱ። ስንት ሜትር ኩብ ገባ፣ ስንት ወጣ? ፍሰት ያልተለካበት ጣቢያ የላቦራቶሪ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢጠራ ወደ ኪሎ ግራም አይለወጥም። “በአቅሙ ልክ እየሠራ ነው ብለን ገምተናል” የሚል ማስታወሻ ካዩ ያንን አገር በሠንጠረዥዎ ውስጥ በሌላ ቀለም ይጻፉት።

ቀጥሎ ናሙና። ፍሳሽ እንደ ሰው ኑሮ ነው የሚፈሰው። ጠዋት ሰው ሲታጠብ ይሞላል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይመነምናል፤ ይዘቱም አብሮ ይለዋወጣል። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ናሙና የዚያን ቅጽበት ብቻ ይናገራል። ትክክለኛው በየሰዓቱ ከፍሰቱ ጋር በተመጣጠነ መጠን እየቀዱ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እያቀዘቀዙ፣ የ24 ሰዓቱን አደባልቆ አንድ ጥምር ናሙና ማድረግ ነው። ይህም በመግቢያውም በመውጫውም ይደረጋል። ኩሬ ከሆነ ዛሬ የወጣው ውኃ ከሳምንታት በፊት የገባው ነው፤ ስለዚህ የወር አማካይ ይጠቀሙ እንጂ የዛሬውን መግቢያ ከዛሬው መውጫ ጋር አያነጻጽሩ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚበሰብሰውን ቁስ የምንለካው ባክቴሪያዎች ሲበሉት በሚጠቀሙት ኦክስጅን ነው፤ ባለሙያዎች ቢኦዲ ይሉታል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ ይጨመራል፤ ቀሪው ኦክስጅን በጠገበ ንጹሕ ማቅለያ ውኃ ይሞላል። አረፋ ሳይቀር ይከደናል። ጨለማ ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ፣ አምስት ቀን ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን 6.7 ሚሊ ግራም በሊትር የነበረው ኦክስጅን በአምስተኛው ቀን 3.1 ቢሆን ልዩነቱ 3.6 ነው፤ ፍሳሹ መቶ ጊዜ ስለቀለለ ቢኦዲው 360 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ውጤቱ የሚታመነው በጠርሙሱ ውስጥ ቢያንስ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን አልቆ፣ ቢያንስ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ሲቀር ነው።

6.7 ብዬ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕር ወለል ላይ በ20 ዲግሪ ውኃ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ የሚይዘው ከ6.8 ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ለአምስተርዳም የተዘጋጀን የማቅለያ ሠንጠረዥ እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚጠቀም ላቦራቶሪ አምስተኛው ቀን ሳይደርስ ኦክስጅኑ ሊያልቅበት፣ ቢኦዲውንም ከእውነተኛው አሳንሶ ሊመዘግብ ይችላል። የደጋ ከተሞችን ቁጥር ሲያዩ የመጀመሪያውን ቀን ንባብ ይጠይቁ።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። በፊንላንድና በስዊድን የተለመደው አምስት ቀን ሳይሆን ሰባት ቀን የሚቆየው ቢኦዲ ነው፤ ቁጥሩ በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ኬሚካላዊውን የኦክስጅን ፍላጎት፣ ማለትም ሲኦዲን፣ የሚዘግቡም አሉ፤ ለጥሬ የቤት ፍሳሽ ከቢኦዲው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ለተጣራው ግን ይህ ንጽጽር አይሠራም፤ የሚበላው አልቆ የማይበላው ስለሚቀር ነው። የኩሬ ጣቢያዎችን በተመለከተ የአውሮፓ ደንብ ናሙናው ተጣርቶ፣ አልጌው ተለይቶ እንዲለካ ያዛል። አልጌውን ሳይለይ የለካ አገር ከዚያ ጋር ቢወዳደር ይበደላል።

6. ሁሉንም ወደ ግራም ይለውጡ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2006 መመሪያው ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበውን ቢኦዲ ለአፍሪካ 37 ግራም፣ ለጃፓን 42፣ ለአውሮፓ 60፣ ለአሜሪካ 85 አድርጎ አስቀምጧል። የአካባቢ ልኬት ከሌለዎት ከዚህ ይነሡ።

ሁለት ጣቢያዎችን እናስብ። በመጀመሪያው ከተማ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ሰው 60 ሊትር ብቻ ይለቃል፤ 37 ግራሙ በ60 ሊትር ሲካፈል 617 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል፤ በጣም ወፍራም ፍሳሽ ነው። በሁለተኛው ከተማ አንድ ሰው 400 ሊትር ይለቃል፤ 85 ግራሙ በ400 ሊትር ሲካፈል 212 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ጣቢያ 95 በመቶ አስወገደ እንበል፤ የሚቀረው 30.8 ነው። ሁለተኛው 86 በመቶ አስወገደ፤ የሚቀረው 29.7 ነው። የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ደንብ በወር አማካይ 30 ሚሊ ግራም በሊትርና ቢያንስ 85 በመቶ ማስወገድን ይጠይቃል። ስለዚህ 95 በመቶ ያስወገደው ይወድቃል፤ 86 በመቶ ያስወገደው ያልፋል። በግራም ሲታይ ግን የመጀመሪያው በሰው በቀን 1.9 ግራም ብቻ፣ ሁለተኛው 11.9 ግራም ወደ ወንዝ ለቋል። ውኃ በማብዛት ብቻ ደንብ ማለፍ ይቻላል፤ ወንዙ ግን የሚሸከመው ግራሙን ነው።

አሁን ወደ አገር እንውጣ። ለሁለቱም አገሮች 60 ግራም እንያዝ። አገር “ሀ” 90 በመቶውን ሰብስባ በመጀመሪያ ደረጃ ብቻ በማጣራት 30 በመቶ ታስወግዳለች። ያልተሰበሰበው 6 ግራም ነው፤ ከተሰበሰበው 54 ግራም ደግሞ 37.8 ያልፋል፤ ድምሩ 43.8 ግራም። አገር “ለ” የምትሰበስበው 60 በመቶውን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ 92 በመቶ ታስወግዳለች። ያልተሰበሰበው 24 ግራም፣ ከጣቢያ የሚያልፈው 2.9 ግራም፣ ድምሩ 26.9 ግራም። “ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ” በሚለው መለኪያ ሀ 90፣ ለ 60 ታገኛለች። ወንዙን ብንጠይቀው መልሱ ሌላ ነው። ያልተሰበሰበው ሁሉ ወንዝ ይደርሳል ብዬ ያሰብኩት ለቅለት ነው፤ እርስዎ በተራ ቁጥር 2 የሣሉትን ይዘው በጉድጓድ የሚቀረውን ይቀንሱ።

7. ደንቡ ምን እንደሚል ያንብቡ

“ደንቡን ያሟላ” የሚለው ዓምድ ያለ ደንቡ ባዶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ1991 መመሪያ 25 ሚሊ ግራም በሊትር ወይም ከ70 እስከ 90 በመቶ ማስወገድን ይጠይቃል። የብራዚል የ2011 ደንብ እስከ 120 ሚሊ ግራም ወይም 60 በመቶ ማስወገድን ይቀበላል። አንድ ጣቢያ ብራዚል ውስጥ አርአያ፣ አውሮፓ ውስጥ ተቀጪ ሊሆን ይችላል። አቆጣጠሩም ይለያያል፦ አሜሪካ የወርና የሳምንት አማካይ ትወስዳለች፤ አውሮፓ በዓመት ከ24 ናሙናዎች ሦስቱ ቢወድቁ ትታገሣለች። ለንጽጽርዎ አንድ ደንብ ይምረጡና የሁሉንም አገሮች ጥሬ ቁጥር በዚያ ይመዝኑ።

8. ዝናብንና ዝቃጭን አይርሱ

የጎርፍና የፍሳሽ መስመራቸው አንድ በሆነባቸው ከተሞች ዝናብ ሲጥል ድብልቁ ጣቢያ ሳይደርስ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። እንግሊዝ ውስጥ በ2023 እንዲህ ያሉት ማስተንፈሻዎች በድምሩ 3.6 ሚሊዮን ሰዓት ያህል ፍሳሽ ለቀዋል። ይህንን ያወቅነው መለኪያ ስለተተከለባቸው ነው፤ መለኪያ ያልተከለ አገር በሠንጠረዥ ላይ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሐቀኛው እንዳይቀጣ በአጠገቡ “ተለክቷል” ወይም “አልተለካም” ብለው ይጻፉ።

ዝቃጩ የት እንደሄደም ይጠይቁ። ከውኃው የወጣው ቆሻሻ ወንዝ ዳር ከተቆለለ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይገባል።

9. ምንጮችን በደረጃ ይመድቡ

የአገር ለአገር መረጃ የሚገኘው በአብዛኛው ከተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ክፍል መጠይቅ፣ ከዩሮስታት፣ ከምግብና እርሻ ድርጅት አኳስታት የመረጃ ቋትና ከዓለም ጤና ድርጅት ነው። እኔ በሦስት እከፍላቸዋለሁ፦ በናሙና የተለካ፣ ከጣቢያው ዓይነት የተገመተ፣ ከገቢ ወይም ከጎረቤት አገር የተተነበየ። ሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር ደረጃ አሰጥቼ አላወዳድርም። በተለይ ገቢን ማመን አደገኛ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው ብራስልስ የመጀመሪያ ማጣሪያዋን የከፈተችው በ2000፣ ትልቁን የሰሜን ጣቢያ ደግሞ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ፍሳሽ እንዳለ ወንዝ ይገባ ነበር።

10. ወንዙ ላይ ያረጋግጡ

ሠንጠረዥዎ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ አገር አምስት ነገር ይኑረው፦ የተመነጨው፣ የተሰበሰበው፣ ጣቢያ የደረሰው፣ በአንድ በተመረጠ ደንብ ያለፈው፣ ወንዝ የደረሰው ግራም በሰው በቀን። ከጎኑ የመረጃውን ዓመትና ደረጃ ያስፍሩ።

ከዚያ ቢያንስ በአንድ ከተማ ቁጥሩን በውኃው ይፈትኑት። ከጣቢያው መልቀቂያ በላይና በታች፣ በበጋ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አልጌው ገና ኦክስጅን መሥራት ሳይጀምር በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለኩ። ከመልቀቂያው በታች በጉልህ ከወረደ ጣቢያው ከሚለው በላይ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። እንደ አቃቂ ወንዝ ከተማ አቋርጦ በሚመጣ ውኃ ላይ ግን ከመልቀቂያው በላይ ያለው ንባብ አስቀድሞ ወደ ዜሮ የቀረበ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጣቢያውን ትተው በተራ ቁጥር 2 ወደ ሣሉት ሥዕል ይመለሱና፣ ከመስመሩ ውጭ ያሉትን ቤቶችና የቦቴዎቹን ምልልስ ይቁጠሩ።